ሌላ ዲግሪ ይዞ ነርሲንግ በአሜሪካ፦ የ12 ወሩ ፕሮግራም በትክክል ምን ይጠይቃል?

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከኢትዮጵያ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። በዲቪ ነው የመጣሁት፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኤቢኤስኤን የሚባለውን፣ በሌላ ሙያ ዲግሪ ላላቸው የተዘጋጀውን የተፋጠነ የነርሲንግ ፕሮግራም ልገባ አስቤያለሁ። «12 ወር ነው፣ ዲግሪሽን አስገምግመሽ ግቢ» የሚሉኝ አሉ፤ «ሦስት ዓመት ይፈጅብሻል» የሚሉም አሉ። ከምን ልጀምር? የኢትዮጵያው ዲግሪ ይያዝልኛል ወይ? ክፍያውስ በምን ይሸፈናል? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ።

የሌሊት_ፈረቃ
እህቴ፣ 12 ወር ያሉሽም አልዋሹም፣ ረጅም ነው ያሉሽም አልዋሹም። 12 ወር የሚባለው ፕሮግራሙ ውስጥ ከገባሽበት ቀን እስከ ምረቃ ያለው ነው። አብዛኞቹ ከ11 እስከ 18 ወር ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት ግን የሳይንስ ፕሪሪኪዚቶች፣ ማለትም ለመግባት አስቀድመው የሚወሰዱ ኮርሶች፣ አሉ፣ አካውንቲንግ ያጠና ሰው ደግሞ አብዛኞቹ የሉትም። ዕቅድሽን የሚወስነው ይህኛው ክፍል ነው።

በብዛት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድ እና ሁለት፣ እያንዳንዳቸው ከነላባቸው (ከነቤተ ሙከራቸው) 4 ክሬዲት። ማይክሮባዮሎጂ ከነላቡ 4 ክሬዲት። ስታቲስቲክስ፣ ኒውትሪሽን እና የዕድገት ሳይኮሎጂ 3፣ 3 ክሬዲት። ብዙ ቦታ ኬሚስትሪም ይጨመራል። የዕድገት ሳይኮሎጂው ከውልደት እስከ እርጅና የሚሸፍን መሆን አለበት። የልጆች ሳይኮሎጂ ብቻ ወስደው ተቀባይነት ያጡ ብዙ ናቸው፣ ስትመዘገቢ የኮርሱን መግለጫ አንብቢ።

ጊዜ የሚበላው ክሬዲቱ በመብዛቱ አይደለም፣ ኮርሶቹ አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠሉ ስለሆኑ ነው። ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አናቶሚ አንድን ለመውሰድ በመጀመሪያ ጠቅላላ ባዮሎጂ ይጠይቃሉ። አናቶሚ ሁለት ያለ አንድ አይወሰድም። ስለዚህ በመኸር ሴሚስተር ባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስና ሳይኮሎጂ፤ በፀደይ አናቶሚ አንድ እና ኒውትሪሽን፤ በበጋ አናቶሚ ሁለት ብቻውን፤ በሚቀጥለው መኸር ማይክሮባዮሎጂና ኬሚስትሪ። ይህ ከ15 እስከ 16 ወር ነው። የበጋውን አናቶሚ ሁለት ከሌላ ሳይንስ ጋር አትደርቢው። የአንድ ሴሚስተር ትምህርት በጥቂት ሳምንታት ተጠቅጥቆ ነው የሚሰጠው፣ ብዙ ሰው ውጤቱን የሚያበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ልታውቂያቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሳይንስ ኮርሶች ዕድሜ አላቸው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በላይ የቆየ አናቶሚ አይቀበሉም፣ 10 ዓመት የሚፈቅዱም አሉ። ሁለተኛ፣ ኮርስ ደግሞ መውሰድን ይቆጥራሉ። አንዳንዱ ቦታ አንድ የሳይንስ ኮርስ መድገም የሚፈቀደው አንዴ ብቻ ነው፣ ደብልዩ አድርጎ (ኮርሱን አቋርጦ) መውጣትን እንደ አንድ ሙከራ የሚቆጥርም አለ። ሦስተኛ፣ ላቡ ኦንላይን ከሆነ የማይቀበሉ አሉ። ስለዚህ አንድም ኮርስ ሳትመዘገቢ ልታመለክቺባቸው የምትፈልጊያቸውን አራት ወይም አምስት ትምህርት ቤቶች ምረጪ፣ የፕሪሪኪዚት ዝርዝራቸውን ጎን ለጎን አድርጊ፣ ከሁሉም ጥብቅ የሆነውን ተከተዪ።

ጂፒኤ ዝቅተኛው ብዙ ጊዜ 3.0 ነው። ፉክክር ባለበት ግን የሳይንስ ኮርሶች ጂፒኤ ለብቻው ተሰልቶ ይታያል። ስለዚህ አናቶሚ ላይ ሲ ይዞ ወደፊት ከመሮጥ አንድ ሴሚስተር ዘግይቶ ኤ ወይም ቢ ማግኘት ይሻላል።

ሰነድ_ፈታሽ
ስለ ኢትዮጵያው ዲግሪ ልጨምር። ግምገማውን የውጭ ዲግሪ በሚገመግሙት ድርጅቶች፣ በደብልዩኢኤስ ወይም በኢሲኢ፣ ማሠራት ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ የትኛውን እንደሚቀበል ጠይቂ። ሁለት ዓይነት ሪፖርት አለ። አንዱ ዲግሪው ከአሜሪካ የትኛው ደረጃ ጋር እኩል እንደሆነ ብቻ ይናገራል። ሌላው ኮርስ በኮርስ፣ ከነክሬዲቱና ከነጂፒኤው ይዘረዝራል። ነርሲንግ ትምህርት ቤት የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። በርካሽነቱ የመጀመሪያውን ያሠራ ሰው ሁለቴ ይከፍላል።

የሦስት ዓመት ዲግሪ ያላችሁ ጥንቃቄ አድርጉ። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት አካውንቲንግን ጨምሮ ብዙ ትምህርቶች በሦስት ዓመት ይጠናቀቁ ነበር። ኤቢኤስኤን ለመግባት የሚያስፈልገው ሪፖርቱ ላይ «ከአሜሪካ ባችለር ዲግሪ ጋር እኩል» የሚል ቃል መኖሩ ነው። «የሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት» ካለ ለኤቢኤስኤን መግቢያ አይበቃም። ሪፖርቱ በእጅሽ ሳይገባ የፕሮግራም ማመልከቻ ክፍያ አትክፈዪ።

ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ መላክ አለበት። በእጅሽ ያለው ኮፒ አይሠራም። እዚያ የሚከታተልልሽ ሰው ከሌለ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጋር እኩል አስጀምሪው። ሁለት የእኛ ብቻ የሆኑ ችግሮችም አሉ። ትራንስክሪፕቱ ላይ የምረቃው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ የፈረንጁም እንዲጨመርበት ጠይቂ፤ አለበለዚያ ከሥራ ልምድሽ ጋር የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። ሁለተኛው ስም ነው። ዲግሪው ላይ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ተብሎ ሦስቱ ይኖራሉ፤ ግሪን ካርዱ ላይ ደግሞ የአባት ስም «መካከለኛ ስም» ሆኖ አያት «የቤተሰብ ስም» ይሆናል፣ ወይም አያት ጨርሶ ይቀራል። ፊደሉም ይለያያል። አሁኑኑ አንድ አጻጻፍ ምረጪ፣ እሱም የግሪን ካርድሽ ይሁን፤ ኮሌጅ ስትመዘገቢም፣ ለግምገማ ስትልኪም፣ በኋላ ለፈተና ስትመዘገቢም በዚያው ቀጥዪ።

የኢትዮጵያውን ስታቲስቲክስ ሊይዙልሽ ይችላሉ፣ ሲለበሱን ካቀረብሽ ዕድሉ ይጨምራል። ሳይንስ ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች በአሜሪካ ኮሌጅ የተወሰደ ነው የሚፈልጉት። ቶፍልም (የእንግሊዝኛ ፈተናው) እንደዚሁ ነው፤ ዲግሪሽ በእንግሊዝኛ የተማርሽው ቢሆንም የሚጠይቁ አሉ፣ ውጤቱ ደግሞ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። ፕሪሪኪዚት ሳትጨርሺ ተፈትነሽ እንዳይቃጠልብሽ።

ሂሳብ_ወዳጅ
የመግቢያ ፈተናውን ማንም አላነሳም። ብዙ ቦታ ቲስ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ሄሲ ኤቱ። የአሁኑ ቲስ፣ ሰባተኛው ዕትም፣ በ2022 ነው የተጀመረው። 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ፦ ንባብ 45 ጥያቄ በ55 ደቂቃ፣ ሂሳብ 38 በ57፣ ሳይንስ 50 በ60፣ እንግሊዝኛ 37 በ37። ከ170ው 20 ጥያቄ አይቆጠርም፣ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገርም። ካልኩሌተር ስክሪኑ ላይ አለ፣ የራስን ይዞ መግባት አይቻልም።

ለሐበሻ ሂሳቡ ቀላል ነው ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን ፓውንድ፣ አውንስ፣ ኢንች፣ ጋሎን ያለበት ሂሳብ በሜትሪክ ላደገ ሰው ጊዜ ይበላል፣ እነዚህን መለወጫዎች በቃል ያዢ። ሳይንሱ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው የመፈተኛ ጊዜ አናቶሚ ሁለትን በጨረስሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ደግሞ እንግሊዝኛው ላይ ነው። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው ያለሽ፣ የሚጠየቀውም ሥርዓተ ነጥብና የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ነው።

ፋይናንስ_ኤይድ
ክፍያውን በተመለከተ በትክክል ልናገር፣ እዚህ ላይ የሚወራው ብዙው ስህተት ነው።

ፔል ግራንት፣ የማይመለሰው የፌዴራል የትምህርት ድጎማ፣ ለመጀመሪያ ባችለር ዲግሪ ብቻ ነው። ዲግሪ ያለው ሰው አያገኝም፣ የውጭ አገር ዲግሪም ዲግሪ ነው። የሚቀረው የፌዴራል ብድር ነው። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ፣ የፌዴራሉን የትምህርት ገንዘብ ማመልከቻ፣ መሙላት ትችያለሽ፤ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ላይ ያሉና የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ግን አይችሉም። ዕድሜሽ 24 ካለፈ ራስሽን የቻልሽ ተማሪ ተብለሽ ነው የምትቆጠሪው፤ በዚያ ደረጃ ለአንድ የትምህርት ዓመት እስከ 12,500 ዶላር፣ በጠቅላላ የባችለር ዘመንሽ እስከ 57,500 ዶላር መበደር ይቻላል። ከዚህ ውስጥ መንግሥት ወለዱን የሚይዝልሽ ከ23,000 አይበልጥም። ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ ተምሮ የተበደረ ሰው ያው ብድር ከዚህ ጣሪያ ላይ ይቀነስበታል።

አሁን ሂሳቡን አስቢው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በስቴቱ ነዋሪ ዋጋ ከሆነ ልዩነቱ ይጠባል። የግል ትምህርት ቤት ግን ትምህርቱ ብቻ ከ60,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል፣ የፌዴራሉ ብድር ደግሞ በዓመት 12,500 ነው። የቀረውን የምትሞዪው በግል ብድር ነው፣ እሱም ጥሩ የብድር ታሪክ ያለው አብሮ ፈራሚ ይፈልጋል፣ እንደ ፌዴራሉም እንደ ገቢ ልክ መክፈልን አይፈቅድም። የስቴት ነዋሪ ለመባል በብዛት 12 ወር መኖር ያስፈልጋል፣ የቤት ውልና የስቴት ታክስ ሰነድ አስቀምጪ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላ ካውንቲ ነዋሪና ለሌላ ስቴት ሰው ሦስት የተለያየ ዋጋ አለው፣ ፕሪሪኪዚቱን በራስሽ ካውንቲ ውሰጂው።

ለፕሪሪኪዚቱም የማይታወቅ ብድር አለ። ለፕሮግራም መግቢያ የሚያስፈልጉ ኮርሶችን ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ለሚወስድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለተከታታይ 12 ወር ይፈቀዳል። ለባችለር ፕሮግራም መግቢያ ከሆነ መሠረቱ 2,625 ዶላር ነው፣ ራሱን የቻለ ተማሪ 6,000 ይጨመርለታል። የምትገቢበት ትምህርት ቤት እነዚህ ኮርሶች እንደሚያስፈልጉ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልግሻል። ሰዓቱ አንዴ ከተጀመረ አይቆምምና ባዮሎጂ አንዲቱን ይዘሽ በምትማሪበት ሴሚስተር አታባክኚው።

ሸገር99
ፔል ግራንት ለማግኘት የኢትዮጵያውን ዲግሪ ሳይናገሩ የሚገቡ ሞልተዋል እኮ። ፋፍሳ ላይ ዲግሪ የለኝም ብለሽ ብትሞዪ ማን ያውቃል?

ፋይናንስ_ኤይድ
ወንድሜ ሸገር፣ ይህን ምክር ለማንም አትስጥ። የፌዴራል ቅጽ ላይ አውቆ ሐሰት መሙላት ወንጀል ነው፣ የተወሰደውም ገንዘብ ይመለሳል። ደግሞ ኤቢኤስኤን መግባት ማለት ዲግሪ አለኝ ብሎ በግምገማ ሪፖርት ማረጋገጥ ነው። አንዱ ቢሮ ዲግሪ አለኝ፣ ሌላው ቢሮ የለኝም ያልከውን ሁለቱም በአንድ ፋይል ውስጥ ያገኙታል። በዚያ ላይ ነርስ ላይሰንስ ስትጠይቅ የስቴቱ ቦርድ የወንጀልና የማጭበርበር ታሪክህን ይጠይቃል፣ ሙያውን ሳትጀምረው ልታጣው ትችላለህ።

በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ገንዘብ ግን አለ። የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ኸርሳ የሚያስተዳድረው ነርስ ኮር ስኮላርሺፕ ትምህርቱን፣ ክፍያዎችንና ወርኃዊ ድጎማን ይሸፍናል፣ በምትኩ ነርስ እጥረት ባለበት ተቋም ቢያንስ 2 ዓመት ማገልገል ነው። ግሪን ካርድ ያለው ማመልከት ይችላል። ከተመረቁ በኋላም የዚሁ ፕሮግራም የብድር ክፍያ ክፍል በ2 ዓመት አገልግሎት ከነርሲንግ ዕዳው 60 በመቶ ይከፍላል፣ ለሦስተኛ ዓመት 25 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት እየሠሩ የሚማሩ ደግሞ አሠሪው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ ሊከፍልላቸው ይችላል። አሠሪው በምላሹ የሚያስፈርመውን ውል ግን አንብቡ፦ ስንት ዓመት ያስራል፣ ቀድሞ መውጣት ስንት ያስከፍላል፣ የሚመለሰው በሙሉ ነው ወይስ በቀረው ጊዜ ልክ?

ሁለት_ዓመቷ
እኔ የምለው ኤቢኤስኤን ለሁሉም ሰው ትክክለኛው መንገድ አይደለም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለው የሁለት ዓመት የነርሲንግ ዲግሪ፣ ኤዲኤን፣ የሚያስፈትነው ያንኑ ኤንክሌክስ (የነርስ ላይሰንስ ፈተና) ነው፣ የሚያሰጠውም ያንኑ የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ላይሰንስ ነው። ዋጋው ከግል ኤቢኤስኤን ጋር አይወዳደርም። ተመርቆ እየሠሩ አርኤን ቱ ቢኤስኤን፣ ወደ ነርሲንግ ባችለር (ቢኤስኤን) የሚያሳድገውን፣ በኦንላይን በአንድ ዓመት ገደማ ይጨርሳሉ፣ ብዙ አሠሪዎች ይህንንም ይከፍላሉ። ልጆች ላሏት፣ የግል ብድር ፈራሚ ለሌላት ሴት ይህ ይሻላል።

የሌሊት_ፈረቃ
እስማማለሁ፣ ግን ሦስት ነገር ይመዘን። ኤዲኤን ፕሮግራሞች ብዙ ቦታ የተጠባባቂ ዝርዝር ወይም የነጥብ ውድድር አላቸው፣ አንድ ዓመት መጠበቅ የአንድ ዓመት የነርስ ደመወዝ ማጣት ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሜይ 2024 ያወጣው የአርኤን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 93,600 ዶላር ነበር፣ ስለዚህ የዘገየው ዓመት ርካሽ አይደለም። ሁለተኛ፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች በተለይ ለአዲስ ተመራቂ ቢኤስኤን ይመርጣሉ። ሦስተኛ፣ ኒውዮርክ በ2017 በወጣ ሕግ አዲስ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ የነርሲንግ ባችለር እንዲይዙ ያስገድዳል። የአካውንቲንግ ባችለር ለዚህ አይቆጠርም።

የእኔ ፍርድ፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኤቢኤስኤን በነዋሪ ዋጋ ከተገኘ እሱ ይቅደም፤ ካልተገኘ ኤዲኤን፤ ውድ የግል ኤቢኤስኤን መጨረሻ ላይ። ሌላ ባችለር ላላቸው የሚከፈት የነርሲንግ ማስተርስ መግቢያም አለ። እሱን የምታስቡ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ለአዲስ ተበዳሪ መዘጋቱን፣ ለማስተርስ የሚፈቀደው በዓመት 20,500 ዶላር መሆኑን አስቡበት።

ክሊኒካል_መምህር
ትምህርት ቤት ስትመርጡ ማስታወቂያውን ተዉትና አራት ነገር ጠይቁ።

ዕውቅናው፦ ከዕውቅና ሰጪዎቹ ሲሲኤንኢ፣ ኤሲኢኤን ወይም ሲኤንኢኤ አንዱ የሰጠው፣ በተጨማሪም የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ። «ለዕውቅና አመልክተናል» ማለት ዕውቅና አለን ማለት አይደለም። ይህ ከሌለ ብዙ ሆስፒታል አይቀጥርም፣ ማስተርስ አያስገባም፣ ነርስ ኮርም አይሰጥም። በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል መንግሥት ይፋ ባደረገው የናይቲንጌል ዘመቻ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማዎች መሸጣቸው ታውቋል፣ በእነዚያ ወረቀቶች ላይሰንስ ያወጡ ሰዎች ፈቃዳቸውን የተነጠቁበት ስቴት ብዙ ነው። «ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) ሳታደርጉ ትመረቃላችሁ» ወይም «በሌላ ስቴት አድርጋችኋል ብለን እንጽፋለን» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

የኤንክሌክስ የመጀመሪያ ሙከራ የማለፍ መጠን፦ የስቴቱ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ትምህርት ቤት በትምህርት ቤት ይገኛል። በአገር አቀፍ ደረጃ ለአሜሪካ ተመራቂዎች በ2024 91 በመቶ ገደማ ነበር። የአንድ ዓመት አትዩ፣ የሦስት ዓመት እዩ።

ከገቡት ስንቱ በጊዜው ተመረቀ፦ ይህ ከማለፍ መጠኑ በላይ ይናገራል። 60 አስገብቶ 35 የሚያስመርቅና ከ35ቱ 98 በመቶ የሚያሳልፍ ትምህርት ቤት ደካማ የመሰለውን ሁሉ ቀድሞ አስወጥቷል ማለት ነው፣ የወጡት ደግሞ ዕዳቸውን ይዘው ነው የወጡት።

የመውጫ ፈተና፦ አንዳንድ ትምህርት ቤት ሁሉንም ኮርስ ያለፈን ተማሪ የመውጫ ፈተናው ላይ የተወሰነ ነጥብ ካላመጣ ዲግሪውን ይይዝበታል። ስንት ነጥብ፣ ስንት ሙከራ፣ ካልሆነስ ምን ይሆናል የሚለውን ከመግባታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ሜሪ_ቨርጂኒያ
ይቅርታ፣ የጤና ምርመራውን በተመለከተ ጥያቄ አለኝ። የቲቢ የቆዳ ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነ ከክሊኒካል ያግዳል ይባላል፣ እውነት ነው?

ክሊኒካል_መምህር
አያግድም፣ ግን ያዘገያል። ኢትዮጵያ ያደግን ሰዎች አብዛኞቻችን ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ተወግተናል፣ ቢሲጂ ደግሞ የቆዳውን ምርመራ በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያውኑ ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቂ፣ ቢሲጂ አይነካውም። እሱም ፖዘቲቭ ከሆነ የደረት ራጅ ትነሺያለሽ። ራጁ ንጹሕ ከሆነና ምልክት ከሌለሽ ድብቅ ቲቢ ነው፤ አያስተላልፍም፣ መድኃኒት እንድትወስጂ ይመከራል፣ ክሊኒካሉም ይቀጥላል።

ብዙ ሰው የሚዘገየው ግን በሄፓታይተስ ቢ ነው። የተለመደው ክትባት ሦስት መርፌ ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ በ6ኛው ወር። ኦገስት የሚጀምር ሰው ጁን ላይ ቢያስታውስ አይደርስም። ሄፕሊሳቭ ቢ የሚባለው በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት መርፌ ብቻ ነው፣ ለተቻኮለ እሱ ይሻላል። ከዚያ የደም ምርመራው 10 እና ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። ከልጅነት ጀምሮ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። በ2013 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በዚህ ምክንያት ተማሪዎችን ያልተቀበለን አንድ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ጠይቆ በስምምነት ጨርሷል። ሐኪም አስይዙ፣ ሰነዱን ይዛችሁ ትምህርት ቤቱን አናግሩ።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ የኩፍኝና የጉድፍ መከላከያ የደም ምርመራ፣ በ10 ዓመት ውስጥ የተወሰደ ቲዳፕ (የቴታነስ፣ የዲፍቴሪያና የትክትክ ክትባት)፣ የዓመቱ የጉንፋን ክትባት፣ የወንጀል ታሪክና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ፣ ቢኤልኤስ የሚባለው የጤና ባለሙያዎች ሲፒአር። ለሕዝብ የሚሰጠው ሲፒአር አይያዝም፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነውም አይያዝም።

ጀማሪዋ
እጅግ አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ ከተገባ በኋላ ሰው የሚወድቀው በምን ምክንያት ነው?

ሂሳብ_ወዳጅ
መጀመሪያ በመድኃኒት ስሌት። ብዙ ትምህርት ቤት ከ90 እስከ 100 በመቶ ካላመጣሽ መድኃኒት እንድትሰጪ አይፈቅድም፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሙከራ በኋላ ከኮርሱ ያስወጣል። ሂሳቡ የስምንተኛ ክፍል ነው። የሚጥለው አንድ እርምጃ መዝለል ነው። ይህን እይ፦

ታካሚው 176 ፓውንድ ይመዝናል። ትእዛዙ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) በኪሎ በሰዓት 18 ዩኒት ነው። ከረጢቱ ላይ 25,000 ዩኒት በ250 ሚሊሊትር ይላል። ፓምፑ በሰዓት ስንት ሚሊሊትር ይሞላ?

176 ሲካፈል ለ2.2፣ 80 ኪሎ። 80 ሲባዛ በ18፣ በሰዓት 1,440 ዩኒት። 25,000 ሲካፈል ለ250፣ በአንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት። 1,440 ሲካፈል ለ100፣ በሰዓት 14.4 ሚሊሊትር። ፓውንዱን ወደ ኪሎ ሳይለውጥ የሠራ ሰው 31.7 ያገኛል፣ ይህም ከእጥፍ በላይ ነው፣ ታካሚው ይደማል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር ላይ መለኪያውን ከቁጥሩ ጎን ጻፊ፣ መለኪያዎቹ ተጣፍተው «ሚሊሊትር በሰዓት» ካልቀረ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል። ማጠጋጋትም ሕግ አለው። ፓምፕ ከሆነ አንድ አሥርዮሽ ይያዛል፣ በጠብታ ከሆነ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ጠብታ በነጥብ አይከፈልም።

ክሊኒካል_መምህር
ሁለተኛው ምክንያት ፈተናው ነው። ሌላ ዲግሪ ያለው ሰው ትምህርት ያውቃል፣ ሸምድዶም ያልፋል። ነርሲንግ ፈተና ግን አራቱም መልስ እውነት የሆነበትን ጥያቄ ይሰጥና የቱ ይቀድማል ይላል። ምሳሌ፦ ሪፖርት ተቀብለሽ አራት ታካሚ አለሽ። አንዱ ትናንት የዳሌ ቀዶ ሕክምና ያደረገና ሕመሙ ከ10 8 የሆነ። ሁለተኛው የስኳር በሽተኛ፣ ስኳሩ 210። ሦስተኛው የቆየ የሳንባ በሽታ ያለበት፣ ኦክስጅኑ 90 በመቶ። አራተኛዋ ትናንት የታይሮይድ ዕጢዋ የወጣላትና «ከንፈሬን ይወረኛል» የምትል። ማንን ቀድመሽ ታያለሽ?

ብዙ ጀማሪ ሕመም ያለበትን ወይም ኦክስጅኑ ዝቅ ያለውን ይመርጣል። ለቆየ የሳንባ በሽታ ግን ከ88 እስከ 92 የሚጠበቅ ነው። 210 ዛሬውኑ አይገድልም። ሕመሙ መታከም አለበት፣ ግን ሕይወት አያሰጋም። የአራተኛዋ ወረራ ግን ታይሮይዱ ሲወጣ አጠገቡ ያሉት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ተነክተው ካልሲየሟ መውረዱን ይጠቁማል፣ ከዚያ ቀጥሎ የጉሮሮ መኮማተርና የአየር መንገድ መዘጋት ሊመጣ ይችላል። መልሱ እሷ ናት። በየቀኑ ስታጠኚ «ይህ ምንድን ነው» ከማለት «ይህን ባየው ቀጥሎ ምን ሊመጣ ይችላል፣ ከማንስ ይቀድማል» በዪ። ከማስታወሻ ይልቅ ጥያቄ ሥሪ፣ የተሳሳትሽው ላይ ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

የማለፊያ ነጥቡም ይወቅ። ብዙ ቦታ የፈተናዎች አማካይ 75 ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ የቤት ሥራ ነጥብ አያድንም፣ 74.9 ወደ 75 አይጠጋጋም። ሁለት ኮርስ የወደቀ ይሰናበታል። በተፋጠነው ደግሞ አንድ ኮርስ ከወደቁ ኮርሱ ተመልሶ እስኪሰጥ ከሚቀጥለው ምድብ ጋር መጠበቅ ነው፣ ይህም ወራት ነው፣ ብድሩም ሊቆም ይችላል።

ሥራን በተመለከተ፦ ሙሉ ሰዓት እየሠሩ ይህን መማር አይቻልም፣ ትምህርት ቤቶቹም በግልጽ ይናገራሉ። ክሊኒካል ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር 6፡45፣ ማለትም ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 ላይ ዎርድ ውስጥ መገኘት ነው፣ ፈረቃው እስከ 12 ሰዓት ሊረዝም ይችላል። ከማታ ሥራ ወጥቶ በቀጥታ ክሊኒካል መግባት ለታካሚውም አደጋ ነው። ቢያንስ የ12 ወር የቤት ኪራይና የልጅ መጠበቂያ ሳታስቀምጪ አትጀምሪ። ሳምንት በመጨረሻው አንድ ቀን በረዳትነት መሥራት ግን ይቻላል፣ ለቅጥርም ይጠቅማል።

ኤች_ኦ_ከጎንደር
ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጤና መኮንን ነኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ከኢትዮጵያ ቢኤስሲ ነርስ ናት። ሁለታችንም በዚህ መግባት አለብን?

ሰነድ_ፈታሽ
ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለቤትዎ በዚህ መግባት የለባቸውም፣ ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ሙያ መማር ይሆናል። የእሳቸው መንገድ ሲጂኤፍኤንኤስ፣ አሁን ትሩሜሪት የሚባለው ድርጅት የሚሠራው የነርሲንግ ሰነድ ግምገማ ነው። ትራንስክሪፕቱን ከትምህርት ቤቱ፣ የፈቃድ ማረጋገጫውን ከኢትዮጵያ ፈቃድ ሰጪ አካል በቀጥታ ያስልካሉ፣ ከዚያ የመረጡት ስቴት ቦርድ ፈቅዶላቸው ኤንክሌክስ ይፈተናሉ። ቦርዱ የጎደለ ነገር ካየ፣ ለምሳሌ የአእምሮ ጤና ወይም የሕፃናት ክሊኒካል ሰዓት ካነሰ፣ ያንን ብቻ እንዲያሟሉ ሊጠይቃቸው ይችላል። የሰዓት ዝርዝሩ ትራንስክሪፕቱ ላይ ቲዎሪና ክሊኒካል ተለይቶ መውጣቱን አስቀድመው ያረጋግጡ።

እርስዎ ግን ትምህርትዎ ነርሲንግ ስላልሆነ በነርስ ስም አይገመገሙም። ኤቢኤስኤን ለእርስዎ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፣ አናቶሚና ፋርማኮሎጂው አይከብድዎትም። ፕሪሪኪዚቱ ግን ዕድሜው ካለፈ እንደገና ይጠየቃሉ። ፈተናው ላይ ደግሞ ከምርመራና ከመድኃኒት ማዘዝ አስተሳሰብ ወደ ነርስ ውሳኔ መዞር አለብዎት፤ «ይህን መድኃኒት አዝዛለሁ» የሚል መልስ እዚያ የለም።

ጀማሪዋ
የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከምረቃ እስከ ላይሰንስ ያለው እርምጃስ?

የሌሊት_ፈረቃ
ሁለት ማመልከቻ ነው፣ ሰው የሚያምታታውም ይህን ነው። አንዱ ለስቴት ቦርዱ ለላይሰንስ፣ ከነጣት አሻራው። ሌላው ፈተናውን ለሚሰጠው ድርጅት ለፒርሰን ቩ፣ 200 ዶላር። ሁለቱንም ከምረቃው በፊት ጀምሪያቸው። ትምህርት ቤቱ መጨረስሽን ለቦርዱ ሲያረጋግጥ የፈተና ፈቃድ በኢሜይል ይመጣል። ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ብዙ ቦታ 90 ቀን ነው፣ ካለፈ እንደገና መክፈል ነው። ሰነድ ፈታሽ ስለ ስም ያለው እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው፦ ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና መታወቂያሽ ካልተመሳሰሉ ከፈተና ማዕከሉ በር ትመለሻለሽ፣ ገንዘቡም አይመለስም።

ፈተናው በኤፕሪል 2023 የተለወጠው አዲሱ ኤንክሌክስ ነው። ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ፣ በ5 ሰዓት። ሦስት የታካሚ ታሪክ ይቀርባል፣ ለእያንዳንዱ 6 ጥያቄ፣ ከፊል ነጥብም ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ከ95 በመቶ በላይ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። 85 ላይ መቆሙ ማለፍም መውደቅም ሊሆን ይችላል። ያላለፈ ከ45 ቀን በኋላ ይደግማል። ከተመረቁ በኋላ ወራት የሚያሳልፉ ሰዎች የማለፍ ዕድላቸው ይቀንሳል፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ተፈተኚ።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የነርስ ላይሰንስ ስምምነት አባል ናቸው፣ በሜሪላንድ ነዋሪነት ያወጣሽው የስምምነቱ ላይሰንስ ቨርጂኒያም ያሠራሻል። ዋሽንግተን ዲሲ ግን አባል አይደለችም። ድንበሩን ተሻግረሽ ዲሲ ሆስፒታል ልትቀጠሪ ካሰብሽ የዲሲን ለብቻው ታወጪያለሽ፣ ማመልከቻውንም የሥራ ቃለ መጠይቁን ሳትጠብቂ አስገቢው፣ አዲስ ተመራቂ የሚቀጥሩበት ቀን ቋሚ ነው።